ከጎባ ወደ ደሎ መና፤ ስለ አንድ ሕፃንና ስለ ዕቃ ዕቃ ጨዋታ

ከጎባ ከተማ ተነሥቶ በሰነቴ በኩል ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ውስጥ ብርዱንም ሙቀቱንም ያያል። ማለዳ ጋቢውን ተከናንቦ ይነሣል፤ ከቀትር በኋላ ደሎ መና ሲደርስ ኮቱን በክንዱ ላይ አንጠልጥሎ የዛፍ ጥላ ይፈልጋል። እኛም በፍርድ ቤት ጸሐፊነታችን ይህን መንገድ ብዙ ጊዜ ተመላልሰንበታል፤ መዝገብ ይዘን ሄደን መዝገብ ይዘን ተመልሰናል። ባለፈው የትምህርት ቤት ዕረፍት ግን የሄድነው ስለ ሥራ አልነበረም። ስምንት ዓመት የሞላውን ልጃችንን ይዘን፥ ከእናቱ ጋራ፥ የባለቤታችንን ታናሽ እኅት ለመጠየቅ ነበር። ልጃችን ይህን ቤት ከተወለደ ጀምሮ አላየውም፤ ያላየበትም ምክንያት የመንገዱ ርቀት አልነበረም።

ምክንያቱን ሳንሸሽግ እንናገር። ልጃችን ኦቲዝም አለው። ይኸውም ከሌላ ሰው የተጋባበት ደዌ ሳይሆን፥ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አእምሮው ከብዙ ሰው አእምሮ በተለየ መንገድ የሚያድግበት ጠባይ ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው የሚናገራቸው ቃላት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ ስሙ ሲጠራ የማይሰማ ይመስላል፤ ሰው ሲያየው ዐይኑን ያሸሻል፤ የመኪና ጥሩምባ ሲሰማ ጆሮውን በሁለት እጁ ይደፍናል። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ዕቃ ቆርኪ ነው። ከመንገድ ይለቅማል፥ ያጥባል፥ በመስኮት ደፍ ላይ አንዱን ካንዱ ሳያስጠጋ ሳያርቅ ይደረድራል። በዚህ ጕዞ የያዛቸው 19 ነበሩ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2021 ዓመት በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለው ገምቷል። እንግዲህ በሮቤ ገበያ ቀን ከሚተላለፈው ሕዝብ መካከል እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ስንት እንደሚሆን አንባቢ ራሱ ያስበው። ነገር ግን ልጆቹ በገበያ አይታዩም። የእኛም አይታይም ነበር። እንግዳ ወደ ቤታችን ሲመጣ ልጁን ጓዳ አስቀምጠን በሩን እንዘጋ ነበር። ይህን ያደረግነው እኛው ነን፤ ማንም አላዘዘንም። አንድ ቀን እንግዳው ቡናውን እየጠጣ ሳለ ከጓዳ የቆርኪ መንኳኳት ተሰማና «ምንድር ነው?» ቢለን «አይጥ ናት» ብለን መለስን። እናቱ ይህን በሰማች ጊዜ ምንም ቃል አልተናገረችም፤ ከዚያች ቀን በኋላ ግን የጓዳው በር ተዘግቶ አያውቅም። የደሎ መናም ጕዞ የታሰበው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ። ከጎባ በላይ ዳገቱ ሲጀምር እርሻው እየቀረ ይሄዳል፤ ከዚያ ሰነቴ የሚባለው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነ ሰፊ አምባ ይገለጣል። በስተ አንድ ወገን ቱሉ ዲምቱ ይታያል፤ ከፍታውም 4,377 ሜትር ነው። አገሩ ሁሉ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክፍል ነው፤ ፓርኩም በ1962 ዓ.ም. ተቋቁሞ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በዚህ ብርድ ላይ የቆመ ዛፍ የለም፤ ጅብራ ብቻ እንደ ዘበኛ እዚህም እዚያም ተገትሮ ይታያል። ፍልፈሉ ከጕድጓዱ ብቅ ጥልቅ ይላል። በዓለም ሁሉ 500 ያህል እንኳ የማይሞላው ቀይ ቀበሮም ከግማሽ የሚበዛው የሚኖረው በባሌ ተራሮች ነው።

በዚያ ቀን ቀበሮው ከመንገዱ ዳር ብቅ አለ። በአውቶቡሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ተንጋጋ። ልጃችን ግን በሌላው መስኮት ጅብራ ይቈጥር ነበር፤ «ሠላሳ ሁለት» ደርሷል። እኛም «እይ፥ ቀበሮ! እይ!» ብለን አገጩን ይዘን ፊቱን አዞርነው። ቀበሮውን አላየውም፤ እጃችንን አየ፤ ከዚያም ጮኸ። ቍጥሩ ጠፍቶበት ነበርና። ረዳቱ «ምን ሆነ?» አለን። ተሳፋሪውም ከቀበሮው ወደ እኛ ዞረ። ይህችን የአገጭ ነገር አንባቢ ያስባት፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ከሰነቴ ጫፍ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። መጀመሪያ ጕም የለበሰ አስታ፥ ቀጥሎ ሪራ የምትባለው መንደር፥ ከዚያም ቀርቀሃው፥ ከቀርቀሃው በታች ደግሞ ሽበት የመሰለ ሽበት ያንጠለጠለ ታላቅ ዛፍ። በዛፎቹ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ ይታያል፤ በሥራቸው ማንም ሳይተክለው የበቀለ የጫካ ቡና አለ። ጆሮ በከፍታው ለውጥ ምክንያት ይደፈናል፤ ልጃችንም ሁለት እጁን በጆሮው ላይ አድርጎ እስከ ደሎ መና ወረደ። ደሎ መና ስንደርስ ጋቢውንም ሹራቡንም አወለቅንለት።

እኅቲቱ ደጅ ወጥታ ተቀበለችን። «ጋሼ፥ በመጨረሻ አመጣችሁት!» አለች፤ ሌላ ነገር አልተናገረችም። በቤቱ ውስጥ አራት ልጆችና የባሏ እናት አሉ፤ ልጆቹ አያታቸውን በኦሮምኛ «አኮ» ይሏታል፤ እኛም እንደ እነርሱ አኮ እንበላት። አኮ የልጁን ራስ ቅቤ ቀብታ መረቀችው። ከዚያም ለብቻችን ጠርታ «ይህ ዐይን ነው፤ በሕፃንነቱ ያየው ሰው አለ» አለችን። የዐይን ነገር አለመሆኑን ብንነግራት «እናንተ የተማራችሁ ናችሁ» ብላ ዝም አለች፤ ዝምታዋም ማመን አልነበረም። በአገራችን እንዲህ ያለውን ልጅ አንዱ በዐይን፥ አንዱ በርኩስ መንፈስ፥ አንዱም በወላጅ ኀጢአት ያመካኛል። በምዕራባውያንም ዘንድ ከፍ ያለ ስሕተት ተደርጎ ነበር፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ፍቅር የጐደላት እናት ናት ልጁን እንዲህ ያደረገችው እያሉ ብዙ እናቶችን አስለቅሰዋል። ይህ ሐሳብ ኋላ በምርምር ፈርሷል። ለአኮ ይህን ብንነግራት «እሱስ ከዐይኑ ይብሳል» አለች፤ በዚህስ እኛም እንስማማለን።

በግቢው መካከል አንድ የማንጎ ዛፍ አለ። ከሥሩ የልጆቹ ቤት ነው። ቤት ማለታችን በአመድ የተሰመረ መስመር ነው፤ በመስመሩ ውስጥ ሦስት ድንጋይ ጕልቻ ሆኗል፤ የተሰበረ ገል ምጣድ ነው፤ የዘይት ጣሳ ጀበና ነው፤ ቀይ የቡና ፍሬ አንዳንድ ጊዜ ሥጋ፥ አንዳንድ ጊዜ ገንዘብ ይሆናል። በአማርኛ ዕቃ ዕቃ የምንለው ጨዋታ ነው። በአገራችን በደጋም በቈላም ልጅ ያለበት ግቢ ሁሉ ይህ ጨዋታ አለ፤ የሚያስተምረውም ሰው የለም።

እኛም በልጅነታችን አልቀረንበትም። በቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ስንቈጥር ዱላውን መቋሚያ፥ በገመድ ያንጠለጠልነውን ጣሳ ጽና አድርገን እርስ በርሳችን ስንተጣጠን የኔታ ደረሱብንና ጣሳውን በእግራቸው ገለበጡት። ሲሄዱ ግን ትከሻቸው በሣቅ ሲንቀጠቀጥ አይተናል። ኋላም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የደጉን ሳምራዊ ታሪክ በጨዋታ ስናሳይ፥ ወንበዴ ሆኖ የተጫወተውን ልጅ ብዙዎቻችን ሳምንቱን ሙሉ በክፉ ዐይን አየነው። እንግዲህ በማስመሰልና በእውነቱ መካከል ያለውን ድንበር የሚስተው ልጃችን ብቻ አይደለም።

ይህ የልጅ ጨዋታ ከኦቲዝም ጋር ምን ግንኙነት አለው ቢባል፥ ነገሩን እንዲህ አድርገን እናስረዳለን። በችሎት ፊት የሚቀርብ ምስክር የሚናገረው እርሱ ያየውን ነው እንጂ ሌላው ያየውን አይደለም። ዳኛው የሚመረምረው ደግሞ ምስክሩ በዚያ ሰዓት የት እንደ ነበረ፥ ምን ሊያይ እንደሚችል፥ ምንስ እንደ ተሰወረበት ነው። ሐሰት የተናገረና ሳያውቅ የተሳሳተ ሰው የሚለዩት በዚህ ነው። እኛ በዚህ ሥራ ስንኖር ይህ ነገር ለሁሉ ሰው የተገለጠ ይመስለን ነበር፤ ነገር ግን ሰው የሚማረው ነገር ነው፤ ሕፃናትም በአብዛኛው አራት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ያውቁታል።

እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1985 ሳይመን ባሮን ኮኸን፥ አለን ሌስሊና ኡታ ፍሪት የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በለንደን ይህን በአሻንጉሊት ፈትነዋል። ሳሊ የምትባል አሻንጉሊት ብዩዋን በቅርጫት አስቀምጣ ትወጣለች። አን የምትባለው ሌላዪቱ ብዩን ከቅርጫቱ አውጥታ በሣጥን ትደብቀዋለች። ሳሊ ስትመለስ ብዩዋን የት ትፈልጋለች? ቅርጫቱን የሚያመለክት ልጅ፥ ሳሊ አለማወቋን ዐውቋል ማለት ነው። ኦቲዝም ከሌላቸው 27 ትንንሽ ልጆች 23ቱ፥ ዳውን ሲንድሮም ካላቸው 14 ልጆች 12ቱ ቅርጫቱን አመለከቱ። ኦቲዝም ካላቸው 20 ልጆች ግን 16ቱ ሣጥኑን አመለከቱ፤ ብዩ በእውነት ያለው በሣጥኑ ነውና። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌስሊ አንድ ሐሳብ ጨመረ፤ ሙዝን በጆሮው ላይ አድርጎ ስልክ የሚያደርግ ሕፃን፥ ሙዝነቱን ሳይረሳ ስልክነቱን ያስባል፤ እንዲህ አንዱን ነገር በሁለት መልክ መያዝ መቻሉም የሌላውን ሰው ሐሳብ ከእውነቱ ለይቶ ከማወቅ ጋር አንድ ሥር አለው አለ። ኦቲዝም ያላቸው ልጆች የማስመሰል ጨዋታ የሚያዘወትሩት ከሌሎች ባነሰ መጠን ስለሆነም፥ ብዙ ሰዎች ጨዋታውን ብናለማምዳቸው ሰውን ማስተዋል ይቀልላቸው ይሆናል ብለው ተነሡ።

እኛም ይህን ስንሰማ እንደ መድኀኒት አድርገን ያዝነው። በቤታችን ለልጁ ሙዝ በጆሮው አስይዘን «ሃሎ በል» እያልን አስጨንቀነዋል። ሙዙን በላው። በእውነቱ ከእኛ ይልቅ አስተዋይ እርሱ ነበረ።

የመጀመሪያው ቀን በማንጎው ሥር ያየነውም ከዚህ አይሻልም። ልጆቹ «አንተ እንግዳ ሁን» አሉት፤ አልሆነም። «አንተ አባት ሁን» አሉት፤ አልሰማቸውም። ከአመዱ መስመር ውጭ ተቀምጦ ቆርኪዎቹን ደረደረ። ከልጆቹ ትልቂቱ፥ ዘጠኝ ዓመት ያህል የሆናት፥ አንዱን ቆርኪ አንሥታ «ይህ ስኒ ይሁን» ብትል መሬት ላይ ወድቆ አለቀሰ። ታናናሾቹ ሸሹ። ጎረቤቶችም በአጥሩ በኩል አዩ። በዚያች ሌሊት ባለቤታችን «እንመለስ» አለችን፤ እኛም ነገ እንወስን አልናት።

በማግሥቱ ልጅቱ ምን እንዳደረገች አንባቢ ይመልከት። ከሱቅ ደጅ አንዲት ቆርኪ ለቅማ መጣች። ምንም ሳትናገር ከእርሱ ራቅ ብላ ተቀመጠች፤ ቆርኪዋንም በሰልፉ መጨረሻ፥ እርሱ እንደሚያደርገው ሳታስጠጋ ሳታርቅ፥ አኖረቻት። እርሱም አያት። አነሣትና ጥቂት አስተካክሎ መልሶ አኖራት። እርስዋም ሌላ አመጣች። እንዲህ ሲያደርጉ ፀሐይ በረታች። ከሰዓት በኋላ ልጅቱ የራስዋን ቆርኪ ከሰልፉ ሳታወጣ ጎንበስ ብላ ከዘይቱ ጣሳ እንደምትቀዳ አደረገች፤ ምንም አልነበረበትም። «ቡና» አለች። ወደ ሁለተኛው ሄደች፤ «ቡና»። ወደ ሦስተኛው ሄደች፤ «ቡና»። ከእርሱ ቆርኪዎች ስትደርስ ግን ቆመችና ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። እርሱም ጣሳውን በእጅዋ ላይ ገፋው፤ ቅጂ ማለቱ ነው።

በአዲስ አበባ የወላጆች ሥልጠና የወሰደች አንዲት እናት ቀድሞ የነገረችን ቃል በቃል ይህ ነበር፤ ከልጁ ቁመት ዝቅ በሉ፥ እርሱ የሚሠራውን ሥሩ፥ አንዲት ነገር ብቻ ጨምሩ፥ ስሟን በአጭር ቃል ጥሩ፥ ከዚያም ጠብቁ ብላናለች። እኛ ስንሞክረው መጠበቁ ያቅተን ነበር። በሰነቴ ላይ አገጩን ይዘን ያዞርነው ስለዚህ ነው፤ እኛ ያየነውን ያይ ዘንድ ፈለግን እንጂ እርሱ ወደሚያየው አልዞርንም። አንድ ጊዜ አብረን ጅብራውን ብንቈጥር ኖሮ፥ ምናልባት ሠላሳ ሦስተኛው ከቀበሮው አጠገብ ይሆን ነበር።

በአሜሪካ አገር ኮኒ ካሳሪ የምትባል ሊቅና ባልደረቦችዋ በ2006 (አሁንም በፈረንጆች አቈጣጠር) ያወጡት ምርምር ይህን ይደግፋል። 58 የሦስትና የአራት ዓመት ልጆችን ከፍለው፥ አንዱን ወገን ከሌላ ሰው ጋር አንድ ነገር አብሮ ማየትን፥ ሁለተኛውን ወገን በማስመሰል መጫወትን አስለመዱ፤ ሦስተኛው ወገን የተለመደውን ትምህርት ብቻ ቀጠለ። ሥራው በየቀኑ ግማሽ ሰዓት፥ ለአምስትና ስድስት ሳምንት ነበር። ሁለቱ ወገኖች ከሦስተኛው ይልቅ ተሻሻሉ፤ ከዓመት በኋላም በንግግራቸው ልዩነት ታየ። ይሁን እንጂ ሁሉም ነገር የተፈታ አይምሰላችሁ። በ2013 አንጀሊን ሊላርድና ጓደኞችዋ ስለ ማስመሰል ጨዋታ የተጻፈውን በብዛት መርምረው፥ ጨዋታው ራሱ በልጆች ላይ ማስተዋልን ያመጣል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኘንም ብለዋል። በችሎት ቋንቋ ብንናገረው፥ ክሱ ሐሰት ነው አልተባለም፤ ምስክሩ ግን ገና አልበቃም።

በሦስተኛው ቀን የሆነውን ደግሞ እንናገር። ከልጆቹ አንዱ ጋቢ ተከናንቦ ጅብ ሆኖ መጣ። ሌሎቹ በደስታ ጮኹ፤ ልጃችን ግን በእውነት ፈርቶ ከእናቱ ቀሚስ ሥር ገባ። ልጅቱ ጅቡን በክንዱ ይዛ አመጣችውና ጋቢውን ገለጠችው፤ ልጅ ነው። አለበሰችው፤ ጅብ ነው። ገለጠችው፤ ልጅ ነው። ስንት ጊዜ እንደ ሆነ አልቈጠርንም፤ ልጃችን ግን ሳይቈጥር አልቀረም። በመጨረሻ ከቀሚሱ ሥር ወጥቶ ጋቢውን ራሱ ለበሰው። አልጮኸም፥ አላስፈራራም፤ ጋቢ ለብሶ ዝም ብሎ ቆመ። ልጆቹ ግን ደግነታቸው የሚደነቅ ነውና፥ ጅብ መጣ ብለው ሸሹለት።

በአምስተኛው ቀን እንደ ሳሊና አን ያለ ነገር ማንም ሳያዘጋጀው በፊታችን ተደረገ። ልጅቱ የቡናውን ፍሬ በጣሳው ውስጥ አስቀምጣ «ገበያ ሄጃለሁ» ብላ ወደ ቤቱ ኋላ ዞረች። ታናሽ ወንድሟ ፍሬውን ከጣሳው አውጥቶ በሰፊ ቅጠል ሥር ደበቀው፤ ልጃችን ቁጭ ብሎ ያያል። እኛም መያዝ ተሳነንና በቀስታ «የት ትፈልገዋለች?» ብለን ጠየቅነው። ቅጠሉን አመለከተ። ልባችን ዝቅ አለ፤ ከ16ቱ አንዱ ነው አልን በሐሳባችን። ልጅቱ ተመለሰች፤ ወደ ጣሳው ሄደች፤ እጅዋን አገባች፤ ባዶ ነው። ልጃችን ተነሣ። ፊቱ እንደ ደነገጠ ሰው ነበር። የልጅቱን እጅ ከጣሳው አወጣና ጎትቶ ከቅጠሉ ላይ አኖረው። «እዚህ» አለ።

ልጆቹ «ምስጢር አወጣ! ምስጢር አወጣ!» እያሉ ሣቁ። የደበቀው ልጅ ተቈጣ። እኛ ግን ከዚያ ዛፍ ሥር ተቀምጠን ብዙ አሰብን። ፈተናውን ወድቋል፤ በመዝገብ ቢጻፍ የሚጻፈው ይኸው ነው። ነገር ግን ያጣችውን አይቶ ተነሥቶ ሰጣት። የለንደኑ ፈተና ሳሊን ብዩዋ ያለበትን ቦታ ይነግራት እንደሆን ልጁን አይጠይቅም።

ከዚህ የተነሣ ዴሚየን ሚልተን የተባለው፥ ራሱም ኦቲዝም ያለው የእንግሊዝ ሊቅ በ2012 የጻፈው ነገር ከብዙው ይልቅ ልባችንን ነካው። ያለመግባባቱ ከሁለት ወገን ነው ይላል፤ ኦቲዝም ያለው ሰው የሌላውን ሐሳብ ለማወቅ እንደሚቸገር ሁሉ፥ ሌላውም የእርሱን ሐሳብ ለማወቅ ይቸገራል፤ ጕድለቱ ግን ሁልጊዜ የሚጻፈው በአንዱ ስም ነው። እኛ ስምንት ዓመት ሙሉ ልጁ ያስተውለን ዘንድ ደከምን። ዘጠኝ ዓመት ያልዘለላት ልጅ አንዲት ቆርኪ ይዛ መጥታ በሰልፉ መጨረሻ ተቀመጠች።

ስለ ሥልጠናው ካነሣን አይቀር፥ በአገራችን የተሠራውን ጥቂት እናስታውቅ። በአዲስ አበባ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለራሳቸው ልጅ የሚሆን ትምህርት ቤት ቢያጡ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ2002 የጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ፤ እርሳቸው ቢያልፉም ሥራቸው ይታሰባል። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው የወላጆች ሥልጠና በአገራችን በአዲስ አበባና በገጠር ተሞክሯል፤ ዘጠኝ የማኅበር ስብሰባና ሦስት የቤት ጕብኝት አለው፤ ዕድሜያቸው ከሁለት እስከ ዘጠኝ ዓመት ለሆኑ ልጆች ወላጆች የታሰበ ነው። የሚያስተምሩትም የግድ ሐኪሞች እንዲሆኑ አያስፈልግም፤ ትምህርቱ የሚሰጠው በቤት ውስጥ ባለው ሥራና በልጅ ጨዋታ ስለሆነ ልዩ ዕቃ መግዛት አይጠይቅም። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ኦቲዝም የሚያስረዳ ትምህርት ተዘጋጅቶ ነበር። ነገር ግን የሠለጠነ ሰው የሚበዛው በዋና ከተማው ነው። ከደሎ መና ተነሥቶ ሰነቴን ተሻግሮ አዲስ አበባ ድረስ ልጁን ይዞ የሚሄድ ገበሬ ማን ነው? እኛ የመንግሥት ደመወዝ እየበላን እንኳ ስንት ጊዜ ፈቃድ ጠይቀን፥ ስንት ጊዜ ተበድረን ነው የሄድነው። ከሦስት ዓመት በፊትም አንድ ትምህርት ቤት ልጁን በሁለት ሳምንት ውስጥ «ሌሎቹን ያውካል» ብሎ መለሰው፤ ስሙን መጥራት አያስፈልግም።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ልጅ ያላችሁ ብትኖሩ፥ ከዋና ከተማው የሚመጣውን እየጠበቃችሁ ሳለ በግቢያችሁ ያለውን ዕቃ ዕቃ ተመልከቱ። አንድ ነገር ግን እንለምናለን፤ ጨዋታውን ፈተና አታድርጉት። ልጁ ሲደክመው ይተወው። ቆርኪ መደርደሩም ጨዋታ ነው፤ ለእርሱ ከሁሉ የሚጥመው እርሱ ነውና ስኒ ካልሆነ ብላችሁ አትንጠቁት። የጎረቤት ልጆችንም በግድ አታስቀምጡ፤ ከአራቱ ልጆች ሁለቱ ከልጃችን ጋር እስከ መጨረሻው አልተጫወቱም፤ አልተቈጣናቸውም።

በስምንተኛው ቀን ተነሣን። አኮ ማር በጣሳ፥ የጫካ ቡና በከረጢት አስይዛን፥ ልጁን እንደገና ቅቤ ቀባችው። «ዐይኑ ቀለለለት» አለች። ባለቤታችን ልትመልስላት አፍዋን ከፈተችና ተወችው። አውቶቡሱ ሐረናን እየዘለቀ ሳለ ልጃችን ቆርኪዎቹን በጕልበቱ ላይ ደረደረ፤ ቈጠረ፤ ደግሞ ቈጠረ። 18 ነበሩ። እኛና እናቱ ተያየን፤ ጩኸቱን ጠበቅን። ሹራቡን ሲያለብሱት እንኳ አልጮኸም። ሰነቴ ላይ ስንደርስ ከእርሱ ጋር በመስኮቱ ወገን ተቀምጠን ጅብራ ቈጠርን፤ ቀበሮ ታይቶ እንደሆነ አናውቅም።

በሮቤም ሕይወት በአንድ ጊዜ አልተለወጠም። ሙዝ አሁንም ይበላል እንጂ ስልክ አያደርገውም። ጋቢ ለብሶ ግን በየማታው ከበሩ ኋላ ይቆማል፤ እኛም ጅብ መጣ ብለን እንሸሻለን፤ የፍርድ ቤት ጸሐፊ በዚህ ዕድሜው ከጠረጴዛ ሥር ሲገባ ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን እያልን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እኅቲቱ ስልክ ደወለች። አሥራ ዘጠነኛዋ ቆርኪ ተገኝታለች፤ በአኮ ረከቦት ላይ ከስኒዎቹ ጋር፥ ሳትጠጋ ሳትርቅ፥ ተሰልፋ ነበር። ልጅቱ «እኔ አላኖርኳትም» ብላ ምላለች። ልጃችን ሲሄድ ትቷት ይሆን ብለን ብንጠይቀው መልስ አልሰጠንም። አኮን ግን ማንም አልጠየቃትም።